የቡልዶግስ ባንክ ስድስቱ ሕፃናትና ስደተኛ ተንከባካቢዎቻቸው

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1945 ከናዚ ማጎሪያ ሰፈሮች የተረፉ 300 ያህል አይሁዳውያን ልጆች ከፕራግ በአውሮፕላን ወደ ሰሜን እንግሊዝ ተወሰዱ። ከትንንሾቹ መካከል ስድስቱ ገና የሦስትና የአራት ዓመት ሕፃናት ነበሩ። ሁሉም ወላጆቻቸውን ያጡት በጨቅላነታቸው ሲሆን፣ ያደጉትም በቴሬዚን ማጎሪያ ሰፈር፣ እናት ለሌላቸው ልጆች በተለየ ክፍል ውስጥ ነበር። በዚያ መጫወቻ አልነበረም። ይጠብቋቸው የነበሩት ሴቶችም ራሳቸው የተራቡ እስረኞች ስለነበሩና በየጊዜው ወደ ሌላ ሰፈር ስለሚጋዙ፣ ሕፃናቱ አንዲትን ሞግዚት ለምደው ሳይጨርሱ ያጧት ነበር።

ሕፃናቱ ከጥቅምት ወር ጀምሮ በሰሴክስ ወደሚገኘው ቡልዶግስ ባንክ የተባለ ቤት ተዛወሩ። የተቀበሏቸው እኅትማማቾች ሶፊና ገርትሩድ ዳን ከናዚ ጀርመን የተሰደዱ አይሁዳውያት ነበሩ፤ በጦርነቱ ዘመን አና ፍሮይድ በለንደን ባቋቋሟቸው የሕፃናት ማቆያዎች ሠርተዋል። አና ፍሮይድም ቢሆኑ እ.ኤ.አ. በ1938 ከቪየና የተሰደዱ ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጅግ አስቸጋሪ ነበሩ። ሕፃናቱ መጫወቻውን ሰባበሩ፤ አዋቂዎችን ነከሱ፣ ተፉባቸው፣ በጀርመንኛ ተሳደቡ። እርስ በርሳቸው ግን ለአፍታም መለያየትን አይሹም ነበር። ምግብ ሲቀርብ ከራሳቸው በፊት ለባልንጀራቸው ያስቡ ነበር። አንድ ቀን ውሻ ሲጠጋቸው ሁሉም ደነገጡ፤ ያን ጊዜ አንዲት ሕፃን እርሷም እየፈራች፣ የሚጮኸውን ባልንጀራዋን ለማጽናናት የመጫወቻ ጥንቸሏን ሰጠችው።

የተንከባካቢዎቹ ብልኅነት የታየው እዚህ ላይ ነው። ሕፃናቱን ለያይተው እያንዳንዳቸውን ከአንድ አዋቂ ጋር ለማላመድ አልተጣደፉም። እናትና አባት ለሌላቸው ልጆች ቡድኑ ራሱ ቤተሰባቸው መሆኑን ተረድተው ጠበቁ። ከጊዜ በኋላ ሕፃናቱ አዋቂዎቹም ድርሻና ተራ እንዲያገኙ ይጠይቁ ጀመር፤ የግል ፍቅር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ እንግሊዝኛም ለመዱ።

አና ፍሮይድና ሶፊ ዳን ይህን ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1951 በጥናት መልክ አሳተሙ። ሕፃናቱ ቁጡና ለመያዝ አስቸጋሪ ቢሆኑም የአእምሮ ሕሙማን አልነበሩም ሲሉ ጽፈዋል። በእርግጥ የስድስት ሕፃናት ታሪክ ለሁሉም ወላጅ አልባ ልጆች ሕግ ሊሆን አይችልም። ቢሆንም የእናት ማጣት ፈጽሞ የማይጠገን ጉዳት ነው የሚለውን አስተሳሰብ ጥያቄ ውስጥ ለማስገባት በቂ ነበር።

ከጦርነቱ የተረፉ ሌሎች ሕፃናት ደግሞ በሰሪ፣ ሊንግፊልድ በአሊስ ጎልድበርገር እጅ አደጉ። እኚህ የበርሊን ተወላጅ በስደት ላይ ሳሉ እንግሊዞች በጠላት አገር ዜግነታቸው በማን ደሴት አስረዋቸው ነበር፤ በዚያም በእስር ላይ ለነበሩ ልጆች መዋዕለ ሕፃናት ከፈቱ። ተመራማሪዋ ሣራ ሞስኮቪትስ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ ቆይተው የሊንግፊልድን ልጆች አፈላልገው ሲያነጋግሩ፣ ብዙዎቹ ትዳር መሥርተውና ልጆች ወልደው አገኟቸው። መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1983 ታተመ። ከልጆቹም ብዙዎቹ ጎልድበርገርን እስከ እርጅናቸው ይጠይቋቸው ነበር።