ከለር ግሬዲንግ

ከለር ግሬዲንግ ኤዲቲንጉ ያለቀ ፊልም ወይም ቪዲዮ ብርሃን፣ ንፅፅርና ቀለም የሚስተካከልበት የድኅረ ቀረጻ ሥራ ነው። በፊልም ጥቅል ዘመን የላብራቶሪ ሥራ ነበር፤ ባለሙያው ቅጂው ሲታተም የሚያልፈውን የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን መጠን ስለሚቀይር ለውጡ መላውን ምስል ይነካ ነበር። ኮምፒውተር አንዱን ቀለም ለይቶ መለወጥ አስቻለ። እ.ኤ.አ. በ2000 ለእይታ በበቃው የኮይን ወንድማማቾች ፊልም «ኦ ብራዘር፣ ዌር አርት ዛው?» የፎቶግራፍ ዳይሬክተሩ ሮጀር ዲኪንስ የሚሲሲፒን ለምለም ቅጠል በዚህ መንገድ ወደ ደረቅ ወርቃማ መልክ ለውጦታል። በአሠራሩ አስቀድሞ በተለያየ ሰዓት የተቀረጹት ምስሎች እንዲመሳሰሉ ይደረጋል፤ የፊልሙ ድባብ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ዓይን ስሕተትን ፈጥኖ የሚለየው በሰው ቆዳ ላይ በመሆኑ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው እርሱ ነው። ሞኒተሩ በመሣሪያ ተለክቶ ካልተስተካከለ የተሠራው ቀለም በሌላ ስክሪን ላይ ተለውጦ ይታያል።