ደበሎና አንደበት

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ለማየት በ1763 ዓ.ም. ወደ ግሽ ዓባይ በመጣ ጊዜ ስላያቸው የአገው ሰዎች ከጻፈው ብዙ ነገር ሁለቱን እዚህ ላይ እናነሣለን። አንደኛው፥ ልብሳቸው ቈዳ መሆኑን፥ ቈዳውንም በራሳቸው ዘዴ አልፍተውና አለስልሰው በዝናምና በብርድ ጊዜ እንደሚለብሱት ነው። ሁለተኛው፥ ጐንደርን ከሚመግቡት ዋናዎቹ እነርሱ መሆናቸው ነው፤ ቅቤውን፥ ማሩን፥ ስንዴውን፥ ሰሙን፥ ቈዳውንና ከብቱን ይዘው በአንድ ጊዜ ሺህም፥ ሺህ አምስት መቶም እየሆኑ ወደ ከተማው ይጓዙ እንደ ነበር ይተርካል። መጽሐፉ በአውሮጳ አቈጣጠር በ1790 ታተመ። ከሁለቱ ነገሮች ግን በሰው ኅሊና ተተክሎ የቀረው ቈዳው ነው። የነገሥታቱን ከተማ ያጠገበው ሕዝብ ቅቤው ተረሳና ልብሱ ብቻ ታወሰ። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ ብለን ስንመረምር፥ ነገሩ ከልብስ ተነሥቶ ወደ አንደበት ይወስደናል።

በመጀመሪያ ስለ አገሩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ደጋ ነው። ዝናሙ ረጅም፥ ጭጋጉ ወፍራም፥ ሌሊቱም ብርድ ነው። ለቀርቀሃና ለገብስ የሚስማማው ይህ መሬት ጥጥ አያበቅልም፤ ጥጥ የቈላ ተክል ስለ ሆነ ወደ ደጋው የሚደርሰው በገበያ ነው። ከብትና በግ ግን በየደጁ አለ። እንግዲህ ውርጭና ዝናም የሚወርድበት ገበሬ ቈዳ አልፍቶ ቢለብስ፥ ከላዩም ገሳ ቢደርብ፥ ያሳየው ብልኅነት ነው። ነጭ ሸማ ለብሶ በሐምሌ ጭቃ ከእርሻ የሚውል ሰው ቢገኝ ኖሮ መታዘብ የሚገባን እርሱን ነበር።

በጐንደር አደባባይ ግን የሸማ ነገር ከብርድ መከላከያነት እጅግ ያለፈ ነበር። አለባበሱን የተመለከተ ሰው የባለቤቱን ሁኔታ ሳይጠይቅ ያውቀዋል። ከበላዩ ፊት የቀረበ ሰው ሸማውን ከትከሻው አውርዶ ያደገድጋል፤ ኀዘን የደረሰበት ጥለቱን ወደ ላይ አድርጎ ይለብሳል፤ ኩሩው እስከ አፍንጫው ይከናነባል፤ ለምድና ካባ ደግሞ የንጉሥ ወይም የመስፍን ሽልማት ናቸው። ይህን የልብስ ሰዋስው ለለመደ ዓይን፥ ቈዳ የለበሰ ሰው አንዲት ቃል እንኳ የማይናገር ዲዳ ሆኖ ይታየው ነበር። የሚያስገርመው ግን ሸማው እንዲህ ሲከበር፥ ሸማውን የሚሠራው ሸማኔ ቈዳውንም የሚያለፋው ፋቂ አብረው ይናቁ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው፥ ንቀቱ ምን ያህል ሥር ሰድዶ እንደ ነበረ ያስረዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በዚያው በጐጃም የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ዱላውን ይዞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ሲዞር ኖሯል። ደበሎው የበግ ለምድ ነው፤ ከገበሬው ቈዳ ይልቅ ሻካራ እንጂ ለስላሳ አይደለም፤ ቅማልም አያጣው። ውሻ ያባርረዋል፥ ልጆች ይስቁበታል። ይሁን እንጂ የቤቱ እመቤት ቍራሽ ይዛ ስትወጣ ነገ መምህር የሚሆን ልጅ ከደጇ እንደ ቆመ ታውቃለች። ከዋሸራ፥ ከጎንጅና ከዲማ ጉባኤ ቤቶች የወጡት ሊቃውንት ብዙዎቹ ልጅነታቸውን ያሳለፉት በዚህ ለምድ ውስጥ ነው። ደበሎ የለበሰ ሁሉ ይከበር ነበር አንልም፤ ነገር ግን ደበሎ ስለ ለበሰ ብቻ አእምሮ የለውም የተባለ ተማሪ አልነበረም።

እንግዲህ ቈዳው አንድ ነው። በተማሪው ጫንቃ ላይ የጥበብ መጀመሪያ፥ በአገው ገበሬ ጫንቃ ላይ የድንቍርና ምልክት ሆነ። ተማሪው አፉን ሲከፍት ግእዝ ይወጣል፤ ገበሬው ሲከፍት አዊኛ፥ ባለቤቶቹ አውኚ የሚሉት ልሳን፥ ይወጣል። መንገደኛው ሰሚ ሁለቱንም አያውቃቸውም። ሆኖም በማያውቀው በግእዝ ፊት ይሰግዳል፥ በማያውቀው በአዊኛ ፊት ይስቃል። ከአገው ምድር ወጥቶ ወደ ጉባኤ ቤት የገባ ልጅም ያንኑ ለምድ እንደ ለበሰ፥ ግእዙን ባወቀ ጊዜ፥ ከአንዱ ፍርድ ወደ ሌላው ይሻገራል። የተለወጠው አእምሮው አይደለም፤ አእምሮውማ ቀድሞም ስለ ነበረ ነው የተማረው።

በቋንቋችን «አፍ መፍቻ» የሚባል ውብ አነጋገር አለ፤ ሰው በሕፃንነቱ አፉ የተፈታበት ልሳን ማለት ነው። በአዊኛ አፉን የፈታ ሰው ግን ከዳኛ ፊት በቀረበ ጊዜ አፉ እንደ ገና ይታሰርበታል። የጥንቱ ሙግት «በላ ልበልሃ» እየተባለ በአንደበት ብርታት፥ በምሳሌና በቅኔ ይካሄድ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። የዳኞች ሁሉ አለቃ የሆነው ሹም ማዕርግ እንኳ «አፈ ንጉሥ» ይባል ነበር። በዚህ አደባባይ እውነት የያዘ ሰው ቃሉ ከተደናቀፈበት እውነቱም አብሮት ይደናቀፋል። የመሬቱን ድንበር በዛፍና በድንጋይ፥ በአያትና በቅድመ አያት ስም ለይቶ የሚያውቀው ገበሬ፥ አንዲት ተባዕት ቃል በአንስት ጾታ ስለ ተናገረ ችሎቱ ይስቃል። ከሳቁም በኋላ ተመልካቹ ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ ያ ሰው ቋንቋ እንደ ቸገረው ሳይሆን ነገር የማያውቅ እንደ ሆነ አድርጎ ያወራል።

ቃላቶቻችን ራሳቸው ይህን ታሪክ ይዘውታል። «ባላገር» ማለት ባለ አገር፥ አገርና ርስት ያለው ማለት ነበር፤ በከተማ አፍ ግን ያልሠለጠነ ማለት ሆኖ ቀረ። «አራዳ» በአዲስ አበባ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ የነበረው የገበያ ሰፈር ስም ነው፤ ዛሬ ነቃ ያለ፥ ብልጥ ማለት ሆኗል። መሬት ያለው ሞኝ፥ ሱቅ ያለው ብልኅ ተባለ ማለት ነው። ከሁሉ የሚደንቀው «ጨዋ» የሚለው ነው። በዓለሙ አነጋገር በደኅና ቤት የተወለደና ሥርዓት ያለው ማለት ሲሆን፥ በቤተ ክህነት አነጋገር ግን ያልተማረ ማለት ነው። ደበሎ የለበሱት ሊቃውንት ካባ የለበሰውን ባለጠጋ «ጨዋ ነው» ባሉት ጊዜ፥ ልደትና ዕውቀት አንድ እንዳልሆኑ በደንብ ያውቁ ነበር። ይህን ማስተዋላቸውን ግን ቅኔ ቤት ላልገባው ለአዊኛ ተናጋሪ አላካፈሉትም።

በኋላ ዘመን ነገሩ ከልማድ ወደ ሕግ ገባ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ125ኛው አንቀጽ አማርኛን የመንግሥቱ ቋንቋ አደረገ። አማርኛ አያሌ ሕዝብ ያገናኘ ቋንቋ መሆኑን የሚክድ የለም፤ እኛም ይህን የምንጽፈው በእርሱው ነው። ነገር ግን ሰባት ዓመት ሲሞላው ከዳንግላ ትምህርት ቤት የገባ የአገው ልጅ ፊደሉንና ቋንቋውን በአንድ ቀን እንዲጀምር ተገደደ። ጓደኛው አንድ ሸክም ሲሸከም እርሱ ሁለት ተሸከመ፤ ወደ ኋላ በቀረ ጊዜም ሸክሙን የቈጠረለት አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወደ ኋላ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ እንኳ አዊኛ ከእነዚያ ውስጥ አልነበረም። ከ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በኋላ ግን የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ተቋቁሞ፥ አዊኛም በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማስተማሪያ ለመሆን በቃ።

ይህ ቋንቋ ምን ዓይነት ቋንቋ ነው ቢባል፥ የውጭ አገር ሊቃውንት ከእኛ ቀድመው ጠይቀውታል። ብሩስ ራሱ መኃልየ መኃልይ ዘሰሎሞንን ወደ ልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሲያስተረጕም አንዱ የዳሞት አገውኛ ነበር፤ በግእዝ ፊደል የተጻፈው ይህ ትርጕም ዛሬ በኦክስፎርድ በቦድሊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1905 ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ ስለ ዳንግላ አዊኛ ጽሑፍ አወጣ፤ በ1969 ሮበርት ሄትስሮን ስለ ግሡ ብቻ ከመቶ ገጽ የሚበልጥ መጽሐፍ አሳተመ። ለአንድ ቋንቋ ግሥ ይህን ያህል ገጽ ካስፈለገ፥ ያን ግሥ በአምስት ዓመቱ ሳይሳሳት የሚያረባው እረኛ ምን ያህል ነገር በራሱ ውስጥ እንደያዘ አንባቢ ይገምት። ከዚህም በላይ ግእዝ ግሥን ዘወትር ያህል ከዐረፍተ ነገሩ ፊት ሲያስቀድም አማርኛ በመጨረሻ ያሳርፈዋል፤ የቋንቋ ሊቃውንትም ይህ የአማርኛ ጠባይ ከአገውኛና ከሌሎች የኩሽ ቋንቋዎች የመጣ ነው ይላሉ። እንግዲህ የአገውን አማርኛ ተሰባበረ ብሎ የሚስቅ ሰው፥ ሳቁን የሚደመድምበት ግሥ የሚያርፈው የአገው አያቶች ባሳዩት ቦታ ላይ ነው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ያሳነጹት የዛጔ ነገሥታት ከአገው ወገን መሆናቸውንም ታሪክ ይነግረናል፤ ነገር ግን በዚህ አንቆይም፤ አንድ ገበሬ ብልኅ መሆኑን ለማስረዳት ነገሥታት ማስቈጠር አይገባውምና።

ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ዋላስ ላምበርትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጡት ጥናት አለ። ሁለት ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች አንዱን ጽሑፍ አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ፥ አንድ ጊዜ በፈረንሳይኛ አነበቡ። ሰሚዎቹ አንባቢው ያው ሰው መሆኑን ሳያውቁ ስለ እያንዳንዱ ድምፅ ባለቤት ጠባይና አእምሮ እንዲፈርዱ ተጠየቁ። ያው ሰው በእንግሊዝኛ ሲናገር ይበልጥ ዐዋቂ፥ ይበልጥም የታመነ መስሎ ታያቸው። እጅግ የሚያሳዝነው ግን ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ሰሚዎች ራሳቸው የገዛ ቋንቋቸውን ድምፅ ዝቅ አድርገው መፍረዳቸው ነው።

እኛም የምንሠጋው ይህንኑ ነው። በዳንግላና በእንጅባራ ገበያ አዊኛ አፍ የፈቱበት እናትና አባት እርስ በርሳቸው በአዊኛ ሲጫወቱ ቆይተው፥ ወደ ልጃቸው ዞር ሲሉ አማርኛ ብቻ ሲናገሩ ሰምተናል። ልጁ እንዳይናቅ ብለው ነው። ንቀቱን ከውጭ ሰው ተቀብለው በፍቅር ወደ ቤታቸው ያስገቡታል፤ እኛም እነርሱን ለመውቀስ አፍ የለንም።

ቈዳው ዛሬ ከገበሬው ጫንቃ ወርዷል፤ በቦታውም ጋቢ፥ ቍምጣና የላስቲክ ጫማ ገብተዋል። ፍርዱ ግን ከቈዳው ጋር አልወረደም፤ ወደ ቍምጣው ተዛወረ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር፥ ያው ባላገር በሸለመው ፈረሱ ላይ ተቀምጦ ሲያልፍ የሚያጨበጭብለት ሰው ብዙ ነው። በማግስቱ ከፈረሱ ወርዶ ከአንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ሲቆም ነገሩ ይለወጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጉዳይ ኖሮን እንዲህ ካለ መስኮት ተራ ስንጠብቅ፥ ከፊታችን አንድ አዛውንት ነበሩ። አረንጓዴ ቍምጣ ለብሰዋል፥ ጋቢ ደርበዋል፥ የቀርቀሃ ዱላ ይዘዋል። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ አንዳንዱን ቃል ፈልገው ያመጡታል። ጸሐፊው የልጅ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ወጣት ነው፤ «አንተ» አላቸው። አንቱ ሊያሰኝ የሚገባው ሽበት በቍምጣው ተሸፈነበት። ቀጥሎም ድምፁን ከፍ አድርጎ፥ ቃሉን እየቈራረጠ፥ «ገባህ? ገባህ ወይ?» ይላቸው ጀመር። እኛ ኮትና ክራባት ለብሰን ከኋላ ቆመናል፤ አንድ ቃል መናገር ስንችል ዝም አልን። ዝምታችን ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ በልባችንም፥ ምስኪን፥ አልገባቸውም፥ ብለን ነበር። ይህን ስንጽፍ እናፍራለን።

ሽማግሌው ወረቀታቸውን አጥፈው ወጡ። ከደጅ ተገናኝተን ስንጫወት ሦስት ቋንቋ እንደሚናገሩ ዐወቅን፤ አዊኛ አፍ የፈቱበት ነው፥ ኦሮምኛውን በመተከል ሲነግዱ፥ አማርኛውን ከጐለመሱ በኋላ ተምረውታል። በቀያቸው ሁለት ወገን ሲጣላ ለዕርቅ የሚጠሩት እርሳቸው ናቸው። ጸሐፊው ከወረቀቱ ላይ የጻፈው ቍጥር ስሕተት እንደ ሆነ ገና ሲሰጣቸው አይተውታል፤ ልጁን በሰው ፊት ላለማሳፈር ነገ ለብቻው ሊነግሩት አስበዋል። ያሳሰባቸው ሌላ ነገር ነበር።

«ልጄ፥» አሉን፤ «ያ ልጅ እንደዚያ የሚጮኸው ጆሮው ታሞበት ይሆን?»