የተለጠፈው ስም፣ ያልተለጠፈው ኮታ፦ የድርቅ እርዳታና የሕዝብ የማወቅ መብት በስሜን ተራሮች አካባቢ

በአገራችን የድርቅ እርዳታ ግልጽነት ብዙ ጊዜ የሚመዘነው በቀበሌ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ በተለጠፈ የተረጂዎች ስም ዝርዝር ነው። ያ ወረቀት የሚሸሽገው ከሚናገረው ይበልጣል የሚለው የዚህ መጣጥፍ ክርክር ነው።

ከደባርቅ ከተማ ወደ ስሜን ተራሮች ቡይት ራስ የሚያወጣው መንገድ ከ3,000 ሜትር ከፍታ በላይ ይዘልቃል። የደጋው ገበሬ ተስፋ ገብስ ነው፤ እሱን ውርጭ ወይም በረዶ ከመታው የዓመቱ ቀለብ አብሮ ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ የሰሜኑ ጦርነት ዳባት ወረዳ ገብቶ ደባርቅ በተፈናቃይ ተሞላች። በ2015 ክረምት ደግሞ የጃናሞራ፣ የበየዳና የጠለምት ወረዳዎችን ዝናብ ከዳቸው፤ ከብት አለቀ፣ ቀዬውን ጥሎ የወጣውም ብዙ ነበር።

በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ለእንዲህ ያለው ችግር መደበኛ ሥርዓት አበጅቷል። ጉልበት ያለው በወር 5 ቀን እርከን ይሠራል፣ መንገድ ይጠርጋል፤ አቅመ ደካማው የቀጥታ ድጋፍ ያገኛል። ምልመላው በማኅበረሰቡ ግብረ ኃይል ይካሄዳል፣ ዝርዝሩ በስብሰባ ቀርቦ ይተቻል፣ ይለጠፋል፤ የተበደለም ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያመለክታል። አሠራሩ በወረቀት ላይ ሲታይ መልካም ነው።

ችግሩ ያለው ከዝርዝሩ በላይ ነው። ቀበሌው የችግረኛውን ብዛት ቆጥሮ አይጀምርም፤ ከወረዳ የወረደለትን ኮታ ይዞ ይጀምራል። ኮታው ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞንና ወረዳ ሲወርድ በየደረጃው ምን ያህል ተጠይቆ ምን ያህል እንደተፈቀደ ገበሬው አይሰማም። ስለዚህ የኮታው ጥበት የጎረቤት ክፋት መስሎ ይታያል። መልማዩ አድሏዊ ይባላል፣ ስሙ በወጣው ላይ ስሙ ያልወጣው ይቀየማል። ቀበሌው ጠቡን ለማብረድ ለአንድ ቤተሰብ የመጣውን ለብዙ ሲያከፋፍለው ደግሞ ማንም ሳይጠግብ ሪፖርቱ ተረጂው ሁሉ እንደደረሰው ይናገራል። ይህ በእኔ እምነት ከተራ ስርቆት የማይተናነስ ጉዳት ነው፤ ረሃቡ ከቁጥሩ ይሰወራልና።

ስርቆቱም አልቀረም። በሰኔ 2015 የአሜሪካ መንግሥት ተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል ለተረጂው ሳይደርስ ለሌላ መዋሉን ገልጸው በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቆሙ፤ ለወራትም ተቋርጦ ቆየ። ጃናሞራ ዝናብ ያጣችው በዚያው ክረምት ነው። መጋዘኑን አይቶት የማያውቅ ገበሬ የመጋዘኑን ጥፋት ዕዳ ከፈለ።

እንዲህ ያለውን ጥፋት በአደባባይ ማጋለጥ እንደሚቻል ሌሎች አሳይተዋል። በሕንድ ራጃስታን የገጠር ሠራተኞች ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ጀምሮ የመንግሥት የክፍያ መዝገብ በአደባባይ እንዲነበብ ታግለዋል። ያልሠሩትን ሥራ ሠርተው እንደተከፈላቸው ተጽፎ ሲሰሙ ሰዎች እዚያው ተነሥተው ይመሰክሩ ነበር። በ2005 (እ.ኤ.አ.) የወጡት የመረጃ ነጻነትና የገጠር ሥራ ዋስትና ሕጎች ከዚያ ትግል ብዙ ወስደዋል። ለእኛ ትልቁ ነገር መነበቡ ነው፤ ፊደል ላልቆጠረ አርሶ አደር የተለጠፈ ወረቀት የተዘጋ በር ነው። በእሑድ ቅዳሴ ማብቂያ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በመስጊድ ደጅ ወይም በእድር ስብሰባ የተነበበ ዝርዝር ግን ሁሉም ጆሮ ይደርሳል።

ሕጉ አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆን፣ በአንቀጽ 89 ደግሞ ለአደጋ ተጎጂ እርዳታ በወቅቱ እንዲደርስ ያዛል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ለማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ነገር ግን በማመልከቻ የሚገኝ መረጃ ከበየዳ ተራራ ወርዶ ወረዳ ለመመላለስ አቅም ላጣ ሰው አይጠቅምም፤ ሳይጠየቅ ሊነገረው ይገባል። ከስም ዝርዝሩ ጋር ቀበሌው የጠየቀው ብዛት፣ ወረዳው የፈቀደው፣ ለአንድ ሰው የተመደበው መጠንና የሚከፈልበት ቀን አብረው ይነበቡ፤ ኮታውን የቀነሰውም አካል ምክንያቱን በፊርማው ያስፍር።