በጆሮ የተሰማውና የተቀረጸው
ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ አጭር የታሪክ ጥናት

ኤሌክትሪክ ጊታር የሚጫወት ሰው ዛሬ ከትልቅ የድምፅ ማጉያ ፊት መቆሙ የግድ አይደለም። የማጉያውን፣ የድምፅ ማውጫ ሣጥኑንና የማይክሮፎኑን ጠባይ በቍጥር አስልቶ የሚያስመስል፣ ሞዴለር የሚባል ትንሽ ዲጂታል መሣሪያ በጠረጴዛው ላይ አኑሮ፣ ማዳመጫ በጆሮው ደፍቶ፣ ጎረቤት ሳያውክ እስከ እኩለ ሌሊት ሊጫወት ይችላል። ነገር ግን በዚህ መንገድ ብዙ ሰዓት ደክሞ ያሰናዳውን ድምፅ ቀርጾ መልሶ ሲያዳምጠው፣ ሞልቶ የነበረው ሳስቶ፣ ለዝቦ የነበረው ሾሎ ያገኘዋል። ያን ጊዜ ወይ መሣሪያውን፣ ወይ ማዳመጫውን፣ ወይ የገዛ ጆሮውን መጠራጠር ይጀምራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ልዩነቱ ከየት እንደ መጣ በታሪክ መመርመር ነው። የምናቀርበውም ሐሳብ፣ ልዩነቱ ከዲጂታል መሣሪያ ጋራ የተወለደ ሳይሆን፣ የጊታር ማጉያ በማይክሮፎን ፊት ከቀረበበት ጊዜ ጀምሮ የኖረ ነው የሚል ነው። አዲሱ መሣሪያ ያደረገው ነገር ቢኖር፣ ቀድሞ በሁለት ሰዎች መካከል የነበረውን ክርክር ወደ አንድ ሰው ጆሮ ማግባቱ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩. ማጉያው ራሱ የሙዚቃ መሣሪያ ስለ መሆኑ

አዶልፍ ሪከንባከርና ባልደረቦቹ በ1932 በሎስ አንጀለስ ለገበያ ያወጡት ከአሉሚኒየም የተሠራ ጊታር፣ በቅርጹ ምክንያት «መጥበሻ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጡት የማጉያ ሠሪዎች ሐሳብ ቀላል ነበር፤ ይኸውም የክሩን ድምፅ ሳይለውጡ ማጉላት ነው። ሊዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ በ1952 ያወጣው ባስማን የተባለው ማጉያ የተሠራው ለኤሌክትሪክ ቤዝ ነበር፤ ይሁን እንጂ የጊታር ተጫዋቾች ወደዱት። ጂም ማርሻልም በ1962 በለንደን ከተማ በሱቁ ውስጥ ማጉያ ማሠራት ሲጀምር የተከተለው የዚህኑ የባስማንን ንድፍ ነው።

ተጫዋቾቹ ግን ማጉያውን ሠሪው ካሰበው በላይ እየከፈቱ፣ ቫልቮቹ ከዐቅማቸው በላይ ሲሠሩ የሚወጣውን ሻካራ ድምፅ መውደድ ጀመሩ። በዚህም ጊዜ የድምፅ ማውጫው ትልቅ አገልግሎት ሰጠ። የሰው ጆሮ እስከ 20,000 ኸርዝ ያህል ሊሰማ ሲችል፣ ለጊታር የሚሠራው የ12 ኢንች ድምፅ ማውጫ ግን ከ5,000 ኸርዝ ገደማ በላይ ያለውን ድምፅ በብርቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ከቫልቮቹ የሚወጣውን እሾሃማ ድምፅ እንደ ወንፊት ያጣራዋል። ሻካራው ድምፅ ይህን ወንፊት ሳያልፍ በቀጥታ ወደ ጆሮ ማዳመጫ ቢገባ፣ የሚሰማው ሙዚቃ ሳይሆን በጣሳ ውስጥ የተዘጋ ንብ ነው።

፪. ሁለት ክፍሎች፣ ሁለት ጆሮዎች

በማጉያ ዘመን ተጫዋቹ የሚቆመው ከሣጥኑ ጥቂት ሜትር ርቆ ነው፤ ጆሮውም ከድምፅ ማውጫው በላይ ነው። ቀጭኑ ድምፅ በቀጥታ ወደ ፊት ስለሚወረወር በእግሩ ሥር ያልፋል፤ ወፍራሙ ግን ከወለሉና ከግድግዳው ጋራ ተባብሮ ይከበዋል። ማይክሮፎኑ ደግሞ ከሣጥኑ ጨርቅ አጠገብ፣ በጥቂት ሴንቲሜትር ርቀት ይቀመጣል። ለዚህ ሥራ እጅግ የታወቀው የሹር ኩባንያ ኤስኤም 57 በ1965 የወጣ ነው። ይህ ማይክሮፎን ከድምፅ ማውጫው መካከል ወደ ጠርዙ በጥቂቱ ቢነሣ፣ ድምፁ ከብሩህነት ወደ ጨለማነት ይለወጣል።

እንግዲህ ተጫዋቹ በአንድ ክፍል፣ ቀራጩ በሌላ ክፍል ሆነው አንዱን ማጉያ እየሰሙ፣ የሰሙት ግን ሁለት ድምፅ ነበር። ሁለቱም አልዋሹም።

፫. ስለ ጆሮና ስለ ጆሮ ማዳመጫ

ጆሮም ቢሆን የማይለወጥ ሚዛን አይደለም። በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝግ ባለ መጠን ጆሮ ወፍራሙን ክፍል መስማት ይቀንሳል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ወፍራሙም ቀጭኑም ይሞላል። እነርሱ ይህን የለኩት በጆሮ ማዳመጫ ነበር። በ1956 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ሮቢንሰንና ዳድሰን በድምፅ ማውጫ ለክተው ከቀድሞው የተለየ መስመር አገኙ፤ ዓለም አቀፉም መለኪያ በ2003 እንደገና ታርሟል።

የጆሮ ማዳመጫ የራሱ ታሪክ አለው። ናትናኤል ባልድዊን በ1910 ለአሜሪካ ባሕር ኀይል የሠራው ማዳመጫ ለሬዲዮ መልእክት እንጂ ለሙዚቃ አልነበረም፤ ለስቴሪዮ ሙዚቃ የሚሆነውን ጆን ኮስ በ1958 አወጣ። ነገር ግን በክፍል ውስጥ የቀኙም የግራውም ድምፅ ለሁለቱም ጆሮ ሲደርስ፣ በማዳመጫ ግን እያንዳንዱ ጆሮ የየራሱን ብቻ ይሰማል። ቤንጃሚን ባወር በ1961 የሁለቱን ጎኖች ድምፅ በመጠኑ የሚያቀላቅል ዘዴ ያቀረበው ይህን ጉድለት ለማቃናት ነበር።

፬. መሣሪያው የማንን ጆሮ መረጠ?

ማጉያውን ትቶ በጆሮ ማዳመጫ የመጫወት ልማድ የተስፋፋው ቶም ሾልዝ በ1982 ባወጣው ሮክማን በተባለ ትንሽ መሣሪያ ነው። ሾልዝ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተማረ መሐንዲስና ቦስተን የተባለው የሙዚቃ ጓድ መሪ ነበር። በ1989 አንድሩ ባርታ ሳንስአምፕን ሠራ። በ1995 ሮላንድ ቪጂ-8ን፣ በ1998 ላይን ሲክስ ፖድ የተባለውን ቀይ መሣሪያ፣ በ2006 ፍራክታል ኦዲዮ አክስ-ኤፍኤክስን አወጡ። ኢጣሊያዊው አንጀሎ ፋሪና በ2000 ያቀረበው የመለኪያ ዘዴም የአንድን ሣጥንና ማይክሮፎን ጠባይ በአጭር ፋይል ውስጥ ለማኖር ረዳ።

ከዚህ ታሪክ የምናስተውለው አንድ ዋና ነገር አለ። እነዚህ መሣሪያዎች በአብዛኛው የሚያስመስሉት በክፍል ውስጥ የቆመውን ተጫዋች ጆሮ ሳይሆን፣ በማይክሮፎን አልፎ ለቀራጩ የደረሰውን ድምፅ ነው። እንግዲያስ በማዳመጫ የሚሰማው ራሱ አስቀድሞ «የተቀረጸ» ድምፅ ስለ ሆነ፣ ከቀረጻው ጋራ መቀራረብ ይገባዋል። ካልተቀራረበ ምክንያቱ በመንገዱ ወይም በሰሚው ላይ መፈለግ አለበት።

፭. የልዩነቱ ምክንያቶችና መፈተኛው

አንደኛው ምክንያት የመውጫ መለያየት ነው። በአንዳንድ መሣሪያዎች ለሁሉም ድምፅ የሚያገለግለው ማስተካከያ የጆሮ ማዳመጫውን መውጫ ብቻ ይነካል፤ በዩኤስቢ ወደ ኮምፒዩተር የሚሄደው ግን ሳይነካ ያልፋል። የሣጥኑ አምሳያም በአንዱ መውጫ ተከፍቶ በሌላው ተዘግቶ ሊገኝ ይችላል።

ሁለተኛው ድምፅ መደረቡ ነው። ተጫዋቹ በቀጥታ ከመሣሪያው የሚወጣውንና ከኮምፒዩተሩ ዘግይቶ የሚመለሰውን አንድ ላይ ይሰማ ይሆናል። መዘግየቱ 5 ሚሊሰከንድ ቢሆንና የሁለቱ መጠን እኩል ቢሆን፣ 100፣ 300፣ 500 ኸርዝ ላይ ያለው ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ቀረጻው ግን አንዱን ብቻ ስለሚይዝ ሌላ ድምፅ ይመስላል።

ሦስተኛው የድምፅ መጠን ነው፤ ከላይ እንደ ተባለው ከፍ ያለው ሁሉ የተሻለ መስሎ ይሰማል። አራተኛው ማዳመጫውን ሲጫወቱ ከሞዴለሩ፣ ሲያዳምጡ ከኮምፒዩተሩ መሰካት ነው፤ የሁለቱ መውጫ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ ልዩ ልዩ ስለሚሆን፣ በተለይ 32 ኦም ያህል ያለው ማዳመጫ ጠባዩን ሊለውጥ ይችላል። አምስተኛው የተጫዋቹ እጅ ነው። ክራር የሚመታ ሰው መሣሪያውን ከገላው አስጠግቶ ስለሚይዝ፣ እርሱ የሚሰማውና በደጅ የቆመው እንግዳ የሚሰማው አንድ እንዳይደለ ሁሉ፣ ጊታር የሚጫወተውም ክሩን በጣቱና በደረቱ ጭምር ይሰማዋል፤ ቀረጻው ሲመለስለት ግን ጣቱ ሥራ ፈትቷል።

መፈተኛውም ከዚሁ ይወጣል። አንድ አጭር ሐረግ በመሣሪያው መደጋገሚያ ይያዝ፤ እጅም ከጊታር ይነሣ። ያ ሐረግ ሲደጋገም ይቀረጽ፤ ከኮምፒዩተሩ የሚመለሰውም ድምፅ በመቅረጹ ጊዜ ይዘጋ። ከዚያም ቀረጻው በዚያው ሞዴለር፣ በዚያው ማዳመጫ፣ መጠኑ እኩል ተደርጎ ይሰማ። ሁለቱ አንድ ከሆኑ፣ ልዩነቱ በእጅና በጆሮ ነበር። ካልሆኑ፣ መውጫዎቹን አንድ በአንድ መመርመር ነው።

መደምደሚያ

ይህ ጉዳይ የመሣሪያ ወሬ ብቻ አይደለም። ምክንያቱን ያላወቀ ወጣት ዛሬ በማዳመጫ፣ ነገ በቀረጻ እየተመራ መልካሙን ድምፅ ሲያበላሽ ይኖራል፤ በመጨረሻም ችሎታውን ራሱን ይጠራጠራል። ቀድሞ ተጫዋቹ ሲሳሳት ቀራጩ፣ ቀራጩ ሲሳሳት ተጫዋቹ ይመልሰው ነበር። ዛሬ ሁለቱም ሥራ በአንድ ሰው ላይ ስለ ወደቀ፣ ያ ሰው በሁለት ወንበር ተራ በተራ መቀመጥን መማር አለበት፤ ሲጫወት እንደ ተጫዋች፣ ሲያዳምጥ እንደ ቀራጭ። ለሌላው ሰው የሚደርሰው ቀረጻው ነውና፣ ሁለቱ ባልተስማሙ ጊዜ የመጨረሻው ፍርድ የሁለተኛው ወንበር ይሁን።