የፉዌንላብራዳው ፓርቲዛን

ስሙኝማ! የዛሬው ትረካዬ ሜዳ ስላጣ ቡድን ነው። ዘመኑ 1991 እና 1992 ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ የምቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አገሩ ዩጎዝላቪያ ይባል ነበር፤ የማርሻል ቲቶ አገር። ታላላቆቻችን ቲቶን ከጃንሆይ ጋር በነበረው ወዳጅነት ያስታውሱታል፤ አዲስ አበባም በስሙ መንገድ ሰይማለታለች። ቲቶ በ1980 ሞተ። በሞተ በአሥራ አንደኛው ዓመት አገሩ መፍረስ ጀመረ።

በቅርጫት ኳስ ግን ያን ጊዜ አውሮፓ ውስጥ የሚስተካከላቸው አልነበረም። የስፕሊት ከተማ ክለብ በ1989፣ በ1990 እና በ1991 የአውሮፓን የክለቦች ዋንጫ ሦስት ጊዜ አከታትሎ ወስዷል። ብሔራዊ ቡድናቸውም በጁን 1991 ሮም ላይ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። ግን ያ ድል ሙሉ አልነበረም። ውድድሩ ሳያልቅ ስሎቬንያ ነፃነቷን አወጀች፤ ስሎቬንያዊው ዩሬ ዝዶቭትስም የአገሩ መንግሥት አትጫወት ስላለው ጓደኞቹን ትቶ ከቡድኑ ወጣ። ይህን ሰው አትርሱት፤ ወደፊት እናገኘዋለን።

ከዚያ ብሔራዊ ቡድን የልምምድ ካምፕ ውስጥ፣ ውድድሩ ገና ሳይጀመር፣ ሌላም ሰው ወጥቶ ነበር። የእሱ ምክንያት ግን ፖለቲካ አልነበረም። የቤልግሬዱ ክለብ የፓርቲዛን ኃላፊ ድራጋን ኪቻኖቪች፣ እሱ ራሱ ስመ ጥር ተጫዋች የነበረ፣ አንድ ጥያቄ ይዞ መጣ፦ "መጫወቱን ተውና ቡድኑን አሰልጥንልን" አለ። የተጠየቀው ዤልኮ ኦብራዶቪች ነው። ዕድሜው 31 ነው፤ የፓርቲዛን ተጫዋች ነው፤ አንድም ቀን ቡድን አሰልጥኖ አያውቅም። እሺ አለ። ትናንት አብረውት ሲያላግጡ ለነበሩት ልጆች በአንድ ጀምበር አለቃ ሆነ።

ሰውየው ግን ብልህ ነበር፤ የማያውቀውን ከሚያውቅ ጠየቀ። ቤልግሬድ ውስጥ አሌክሳንደር ኒኮሊች የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ፤ ሁሉም "ፕሮፌሰር" ይላቸዋል። የጣልያኑን ቫሬዜ በ1970፣ በ1972 እና በ1973 የአውሮፓ ሻምፒዮን ያደረጉ፣ ዩጎዝላቪያንም በ1978 የዓለም ዋንጫ ያስጨበጡ ናቸው። ኦብራዶቪች ከጎናቸው ተቀመጠ፤ አማካሪው ሆኑ። እኔ የዚህን ሰው ታላቅነት ከዋንጫዎቹ ብዛት ይልቅ በዚህች እርምጃው ነው የምለካው።

ልጆቹስ? ልጆች ናቸው፤ ይህን ቃል ለማሳመር አልተጠቀምኩበትም። ኳስ አቀጣጣዩ አሌክሳንደር ጆርጄቪች 24 ዓመቱ ነው፤ ከሁሉም በልምድ የሚቀድመው እሱ ነው ማለት ይቻላል። ፕሬድራግ ዳኒሎቪች 21፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ፊቱ የማይፈታ። ከቅርጫቱ ሥር የሚቆመው ዤልኮ ሬብራቻ ገና 19። በዚያ ዘመን አብዛኞቹ የአውሮፓ ትልልቅ ክለቦች አሜሪካውያን ቀጥረው ሲጫወቱ ፓርቲዛን አንድም አልነበረውም። ኢቮ ናኪች የሚባል ክሮኤሽያዊም ነበራቸው፤ የሪየካ ልጅ ነው። ሰርቦችና ክሮአቶች ጠብመንጃ ተማዝዘው ሳለ ናኪች ቤልግሬድ ላይ የፓርቲዛንን ማልያ ለብሶ ቀረ። እንዴት እንደኖረ፣ ማታ ማታ ምን እያሰበ እንደተኛ መገመቱን ለእናንተ እተዋለሁ።

ጦርነቱ ከስሎቬንያ ወደ ክሮኤሽያ ተዛመተ። የቩኮቫር ከተማ ለሦስት ወር ገደማ ተከብባ፣ በመድፍ ተደብድባ፣ በኖቬምበር 1991 ወደቀች። የዓለም የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ፊባም አንድ ውሳኔ አሳለፈ፦ ከዩጎዝላቪያ ምድር የመጡ ክለቦች በአውሮፓ ውድድር ላይ መሳተፍ ይችላሉ፤ "የሜዳችን" የሚሉትን ጨዋታ ግን ከአገራቸው ውጭ ያድርጉ። በክለቦች ዋንጫው ሦስት ክለቦች ነበሩ። ሦስቱም ወደ ስፔን ሄዱ። የክሮኤሽያው ስፕሊት በሰሜን ምዕራብ ጥግ ላ ኮሩኛ ላይ አረፈ። የዛግሬቡ ሲቦና በደቡብ፣ በካዲዝ አጠገብ፣ ፑዌርቶ ሪያል ገባ። የሰርቢያው ፓርቲዛን ደግሞ ከማድሪድ በስተደቡብ ያለችውን ፉዌንላብራዳን አገኘ። በአገራቸው በሁለት ጎራ ተሰልፈው የሚዋጉ ሕዝቦች ልጆች በአንድ የባዕድ አገር ጣራ ሥር ተጠለሉ።

አሁን ፉዌንላብራዳ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የትረካዬ ልብ እዚያ ነው።

ፉዌንላብራዳ ቤተ መንግሥት የላት፣ ጎብኚ አይመጣባት። በ1970 ገደማ መንደር ነበረች። ከዚያ በኋላ ከየገጠሩ ሥራ ፍለጋ ወደ ማድሪድ የጎረፈው ድሃ ዋና ከተማው ውስጥ ቤት መከራየት ሲያቅተው እዚያ ሰፈረ፤ በሃያ ዓመት ውስጥ ነዋሪዋ ከመቶ ሺህ አለፈ። ከአባቱ ቀዬ የወጣ ሰው የሞላባት፣ የሁሉም ሰው የትውልድ መንደር ሌላ ቦታ የሆነባት ከተማ ነበረች። አዲስ የስፖርት አዳራሽም ሠርታ ነበር። አዳራሹን በፈርናንዶ ማርቲን ስም ሰየመችው፤ በአሜሪካው ኤን ቢ ኤ የተጫወተ የመጀመሪያው ስፔናዊ፣ በዲሴምበር 1989 በ27 ዓመቱ በመኪና አደጋ የሞተው የሪያል ማድሪድ ተጫዋች ነው። አዳራሹ አለ፤ በአውሮፓ መድረክ የሚጫወትበት የራሷ ትልቅ ቡድን ግን የለም።

እዚያ አዳራሽ ውስጥ ነው የቤልግሬድ ልጆች የገቡት። ከቤታቸው ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው፣ ቋንቋውን ሳያውቁ፣ አገራቸው በየዜናው በክፉ እየተነሳ። ማን ይደግፋቸዋል? ባዶ ወንበር ፊት ይጫወታሉ ያለ ሰው አይፈረድበትም። የፉዌንላብራዳ ሰው ግን መጣ። አባት ልጁን ይዞ መጣ። የተማሪ ቤት ልጆች መጡ። ስማቸውን መጥራት የሚያስቸግራቸውን ተጫዋቾች በስማቸው እየጠሩ ጮኹ። ጥቁርና ነጩን የፓርቲዛን መለያ የራሳቸው አደረጉት። ቀስ በቀስ ለቡድኑ አዲስ ስም ወጣለት፦ "የፉዌንላብራዳው ፓርቲዛን"።

ትልቁ ፈተና የመጣው ኤስቱዲያንቴስ ሲመጣ ነው። ኤስቱዲያንቴስ የማድሪድ ክለብ ነው፤ ጎረቤት ነው፤ የአገር ልጅ ነው፤ ከፓርቲዛንም ጋር በአንድ ምድብ ተደልድሏል። ታዲያ በዚያ ቀን የፉዌንላብራዳ ሰው ለማን ጮኸ? ለፓርቲዛን! ለእንግዶቹ! በስፖርት ታሪክ ውስጥ ብዙ የደጋፊ ፍቅር ሰምቻለሁ፤ አብዛኛው በትውልድ ወይም በሠፈር የሚወረስ ነው። ይህኛው ግን ተመርጦ የተሰጠ ነው፤ ለዚህም ከሌላው ሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ቤት የተነፈገውን ልጅ አስገብቶ ማዕድ ላይ እንደማስቀመጥ ያለ ነገር ነው።

ፓርቲዛን ከምድቡ አራተኛ ሆኖ አለፈ። አራተኛ መሆን ማለት በሩብ ፍጻሜው ከሌላው ምድብ አንደኛ ጋር መግጠም ነው፤ አንደኛው የጣልያኑ ክኖር ቦሎኛ ነበር። እነሆ ያ አትርሱት ያልኳችሁ ሰው! ዩሬ ዝዶቭትስ በዚያ ዓመት የሚጫወተው ለቦሎኛ ነው። በሮም ከተለያዩበት ቀን አንስቶ ዓመት እንኳ አልሞላም፤ አሁን በተቃራኒ ማልያ ተፋጠጡ።

ፊባ ለዚህ ዙር ለፓርቲዛን አንዲት ጨዋታ በቤልግሬድ ፈቀደ። በዚያ የውድድር ዘመን የቤልግሬድ ሕዝብ ቡድኑን በአውሮፓ መድረክ በገዛ ከተማው ያየው ያን ቀን ብቻ ነው። ፒዮኒር የሚባለው አዳራሽ ጢም ብሎ ሞላ፤ ፓርቲዛን አሸነፈ። ሁለተኛው ጨዋታ ቦሎኛ ላይ ሆነ፤ ቦሎኛ በአንድ ነጥብ ነጠቃቸው። ሦስተኛውም እዚያው ቦሎኛ ነው፤ የአንደኛነት ጥቅሙ ይህ ነበር። ልጆቹ ግን ጣልያኖቹን በገዛ ሜዳቸው ጥለው ኢስታንቡል ላይ ወደሚደረገው የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች ውድድር አለፉ።

ከዚህ ወዲያ ታሪኩ ይፈጥናል። ኤፕሪል 1992 ነው። በወሩ መጀመሪያ የሳራዬቮ ከበባ ተጀምሯል። አራቱ ቡድኖች በኢስታንቡሉ አብዲ ኢፔክቺ አዳራሽ ተገናኙ፤ ፓርቲዛን፣ ፊሊፕስ ሚላኖ፣ ኤስቱዲያንቴስ እና ከባርሴሎና አጠገብ ያለችው የባዳሎና ከተማ ክለብ ዡቬንቱት። ሚላኖ ዳሪል ዶውኪንስን ይዟል፤ በ1979 በኤን ቢ ኤ የቅርጫቱን የመስታወት ሰሌዳ ሰብሮ ዓለምን ያስደነቀ ግዙፍ ሰው። ከእሱ ፊት የሚቆመው ሬብራቻ ሃያ ዓመት ከሞላው ሳምንት አልሆነውም። ፓርቲዛን 82 ለ75 አሸነፈ። ባዳሎና ደግሞ ኤስቱዲያንቴስን 91 ለ69 ደቆሰው።

ፍጻሜው ኤፕሪል 16 ነበር። ባዳሎናን የሚያሠለጥነው አንጋፋው ሎሎ ሳይንስ ነው፤ ቪያካምፓን፣ ሁለቱን የዦፍሬሳ ወንድማማቾች፣ አሜሪካዊውን ኮርኒ ቶምሰንን አሰልፏል። ጨዋታው ከዳር እስከ ዳር ተያይዞ ሄደ። ዳኒሎቪች 25 ነጥብ፣ ጆርጄቪች 23 ነጥብ አስቆጠሩ፤ የሁለቱ ብቻ ከቡድኑ ነጥብ ከግማሽ ይበልጣል። ወደ መጨረሻው ቶማስ ዦፍሬሳ ኳሷን ከቅርጫቱ ከተታት፦ ባዳሎና 70፣ ፓርቲዛን 68። የቀረው አሥር ሰከንድ ገደማ ነው። የባዳሎና ሰዎች እጃቸውን ወደ ላይ አንስተዋል።

የፓርቲዛኑ ኮፕሪቪትሳ ጊዜ አላባከነም፤ ከመስመር ውጭ ሆኖ ኳሷን ለጆርጄቪች አቀበለው። ጆርጄቪች እያነጠረ ሮጠ። ተከላካዩ አብሮት ሮጠ። ሁለት ነጥብ ቢያገባ እኩል ይሆናሉ፤ ጭማሪ ሰዓት ይመጣል። እሱ ግን ከሦስት ነጥቡ መስመር ውጭ ድንገት ቆመ፤ ሚዛኑን በቅጡ ሳይጠብቅ፣ እጅ ፊቱ ላይ ተዘርግቶ ሳለ፣ ተነሳና ወረወረ። ኳሷ ገባች! 71 ለ70! ጥቂት ሰከንድ ቀርቶ ነበር፤ ባዳሎናዎች ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ፓርቲዛን የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። ዳኒሎቪች የፍጻሜው ውድድር ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ክለቡ በዚያው ዓመት የአገሩን ሊግና የአገሩን ዋንጫም ጨምሮ ወሰደ።

ደስታው ግን አልዘለቀም። ሜይ 30 ቀን 1992 የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በዩጎዝላቪያ ላይ ማዕቀብ ጣለ፤ ማዕቀቡ ስፖርትንም ጨመረ። ብሔራዊ ቡድኑ ከባርሴሎና ኦሎምፒክ ቀረ። ፓርቲዛንም በሚቀጥለው ዓመት ዋንጫውን ለመከላከል እንኳ አልተፈቀደለትም። ዋንጫውን ሜዳ ላይ ማንም ያልነጠቀው ሻምፒዮን ከውድድሩ ወጣ። ማዕቀቡ የተጣለበትን ምክንያት፣ ሳራዬቮ ውስጥ የሚያልቀውን ሰው አስቤ ውሳኔውን አልቃወምም፤ ለእነዚያ ልጆች ግን ዛሬም ድረስ አዝንላቸዋለሁ።

ቡድኑ ተበተነ። ወዴት እንደተበተነ ልብ በሉ። በሩብ ፍጻሜ የተሸነፈው ቦሎኛ ዳኒሎቪችን ወሰደ። በግማሽ ፍጻሜ የተሸነፈው ሚላኖ ጆርጄቪችን ወሰደ። በፍጻሜ የተሸነፈው ባዳሎና በ1993 አሰልጣኙን ኦብራዶቪችን አስመጣ። በ1994 ቴል አቪቭ ላይ ኦብራዶቪች ባዳሎናን ይዞ ከግሪኩ ኦሊምፒያኮስ ጋር ፍጻሜ ገጠመ፤ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ኮርኒ ቶምሰን፣ ያ ኢስታንቡል ላይ የተሸነፈው ሰው፣ ሦስት ነጥብ ወርውሮ አስገባ። 59 ለ57። ባዳሎናን በመጨረሻው ሦስት ነጥብ ያስለቀሰው አሰልጣኝ በመጨረሻው ሦስት ነጥብ ሻምፒዮን አደረጋት። ይህ አሰልጣኝ ከዚያ በኋላ ዋንጫውን እየደጋገመ እስከ ዘጠኝ አደረሰው፤ ዘጠነኛውን ያነሳው በ2017 ከፌነርባቼ ጋር ነው፤ ከተማዋም ኢስታንቡል ነበረች።

ፉዌንላብራዳስ? በ1996 የራሷ ክለብ ወደ ስፔን ከፍተኛ ሊግ ወጣ። የፓርቲዛን ስም እዚያ ዛሬም በፍቅር ይጠራል። የመዝገብ መጻሕፍት የ1992ን ሻምፒዮን ሲጽፉ "ፓርቲዛን ቤልግሬድ" ብለው ያልፋሉ። እናንተ ግን ይህን ትረካ ለሌላ ሰው ስትነግሩ ከቤልግሬድ አጠገብ ፉዌንላብራዳንም ጥሩልኝ፤ በዚያ ዓመት አዳራሹን የሞላው ሕዝብ ይገባዋል።