የወዳጅ ውል፦ አፄ ምኒልክና ኮንት አንቶኔሊ

 

ዛሬ ከአንድ ቃል እንነሣለን። አብረን እናንብበው፦ ይቻላቸዋል። ፊደሎቹን በጣታችሁ እየነካችሁ ቁጠሩ። ይ፣ ቻ፣ ላ፣ ቸ፣ ዋ፣ ል። ስድስት ናቸው። ይህ ስድስት ፊደል ያለው ቃል የአሥር ዓመት ወዳጆችን አጣልቷል። ጦርነቱን ያመጣው ቃሉ ብቻ ነው ማለት አይደለም። የጠቡ ነገር መታየት የጀመረው ግን በእርሱ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በ1871 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ደግሞ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ነበሩ፤ ምኒልክም ለእርሳቸው ገብረው ነበር። በዚያ ዓመት ኮንት ፒዬትሮ አንቶኔሊ የሚባል የኢጣልያ መኰንን ቤት ልጅ ወደ ሸዋ መጣ። ዕድሜው ገና ሃያ ስድስት ገደማ ነበር። ኮንት ማለት በአገራቸው የመሳፍንት ማዕረግ ነው።

አንቶኔሊ ለምኒልክ የሚጠቅም ሰው ሆነ። ንጉሡ ጠመንጃ ይፈልጉ ነበር፤ አንቶኔሊ ጠመንጃ ማምጣት ይችል ነበር። በቀይ ባሕር ዳር ካለው ከአሰብ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ በአውሳ በኩል ወደ ሸዋ የሚያስገባውን መንገድ ያስከፈተ እርሱ ነው። መሣሪያው በግመል እየተጫነ በዚያ ሐሩር ይመጣ ነበር። እንዲህ ያለውን መንገድ ደጋግሞ የተመላለሰ ሰው እንግዳ መባሉ ይቀራል። ቤተ መንግሥት ይገባል፣ ማዕድ ይቀርባል፣ ምክር ይጠየቃል። በ1875 ዓ.ም. የሸዋ ንጉሥና የኢጣልያ መንግሥት የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። ያንንም ያዋዋለ አንቶኔሊ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንሸሽግ እንናገር። በ1877 ዓ.ም. ኢጣልያ ምጽዋን ያዘች። ከዚያም ወደ ደጋው መግፋት ጀመረች። በጥር ወር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ ገጥመው አምስት መቶ የሚያህል የኢጣልያን ጦር ደመሰሱ። አፄ ዮሐንስና ኢጣልያ ደመኞች ሆኑ ማለት ነው። ታዲያ በዚያው ዓመት ማግሥት፣ በጥቅምት 1880 ዓ.ም.፣ ምኒልክ ከአንቶኔሊ ጋር በምስጢር ተዋዋሉ። ኢጣልያ አምስት ሺህ ሬሚንግተን ጠመንጃ ልትሰጣቸው፣ እርሳቸውም በእርሷ ላይ ላይነሡ።

ይህን ስትሰሙ ምን አላችሁ? ንጉሡ ለጌታቸው ለአፄ ዮሐንስ ግዴታ ነበረባቸው። ልጃቸውን ዘውዲቱን እንኳ ለዮሐንስ ልጅ ለአርአያ ሥላሴ ድረውላቸው ነበር። ምኒልክን የምንወድ ሰዎች ይህን ዘለን ማለፍ ደስ ይለናል። ነገር ግን ታሪክ ሲነበብ የሚጥመውም የማይጥመውም አብሮ ይነበባል። ምኒልክ ከዮሐንስ ፈርተው ነበር፤ ጠመንጃው ያስፈልጋቸው ነበር፤ አንቶኔሊም ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

በመጋቢት 1881 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ነኝ አሉ። ገና ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ ወሎ ውስጥ ውጫሌ በሚባል ስፍራ ከአንቶኔሊ ጋር አዲስ ውል ፈረሙ። የውጫሌ ውል የሚባለው ይህ ነው።

ውሉ ሃያ አንቀጽ ነበረው። አንቀጽ ማለት በተራ ቁጥር የተከፈለ የውል ቃል ነው። ውሉ በሁለት ቋንቋ ተጻፈ፤ አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በኢጣልያንኛ። አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛ የሚለው፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት መላላክ ይቻላቸዋል ነው። ይቻላቸዋል። ከፈለጉ ይችላሉ፣ ካልፈለጉ ይተዋሉ። በኢጣልያንኛው ግን ንጉሠ ነገሥቱ ጉዳያቸውን በኢጣልያ በኩል ለማድረግ ተስማምተዋል የሚል ነበር። መስማማት ደግሞ መታሰር ነው። በሰው አፍ ካልሆነ በቀር አልናገርም ብሎ የፈረመ መንግሥት፣ ራሱን የቻለ መንግሥት አይባልም።

ነገሩን ወደ እኛ ሠፈር እናምጣው። ከጎረቤቴ ጋር ውል ብንጽፍ፣ በእኔ ወረቀት ላይ ‹‹በሬዬን መዋስ ትችላለህ›› ቢል፣ በእርሱ ወረቀት ላይ ግን ‹‹ከእኔ በሬ በቀር በሌላ ላታርስ›› ቢል፣ ይህ አንድ ውል ነው? ሁለታችንም ፈርመናል፤ ማኅተሙም አለ። የፈረምነው ግን አንድ ነገር አይደለም።

በዚያው ዓመት የምኒልክ ዘመድ፣ የሐረር ገዥ ደጃዝማች መኰንን፣ ከአንቶኔሊ ጋር ወደ ኢጣልያ ሄዱ። በክብር ተቀበሏቸው፤ ከተማውን፣ የጦር መሣሪያውን አሳዩአቸው። መኰንን በመስከረም 1882 ዓ.ም. ተጨማሪ ውል ፈረሙ። አራት ሚሊዮን ሊሬ ብድርም ተገኘ፤ የሐረር ጉምሩክ መያዣ ሆነ። እንግዳው ገና አገሩ ሳይመለስ፣ በጥቅምት መጀመሪያ፣ የኢጣልያው ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ለአውሮፓ መንግሥታት ማስታወቂያ ላከ። ኢትዮጵያ በውጭ ጉዳይዋ በኢጣልያ በኩል ለመሥራት ተስማምታለች የሚል ነበር። ይህ ማለት ኢትዮጵያ በኢጣልያ ጥላ ሥር ገብታለች ማለት ነው። አዲስ የአውሮፓ ካርታ ሠሪዎችም እንዲያው አድርገው ሣሉት።

ምኒልክ ይህን አያውቁም። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ላይ ዘውድ ጫኑ። ደስታቸውን ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያና ለጀርመኑ ንጉሥ ለዊልሄልም በደብዳቤ አስታወቁ። መልሱ ሲመጣ ግን፣ ከእርስዎ ጋር የምንጻጻፈው በኢጣልያ በኩል ነው የሚል መንፈስ ያለው ሆነ። በራስ ቤት ደጃፍ ቆሞ ‹‹ባለቤቱን ጥራልኝ›› እንደ መባል ነው።

እስቲ የምኒልክን ልብ አስቡት። ያን ሁሉ ዓመት በረሃ አቋርጦ የመጣላቸው፣ በክፉ ቀን መሣሪያ ያደረሰላቸው ሰው ነው። ጠላት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ጠላትን ሰው ይጠብቀዋል። በወዳጅ ላይ ግን ማን ዘብ ያቆማል?

በመስከረም 1883 ዓ.ም. ምኒልክ ለኢጣልያው ንጉሥ ለኡምቤርቶ ጻፉ። ደብዳቤው የተቆጣ ሰው ደብዳቤ አይመስልም። ሁለቱን ጽሑፎች አስተያይተው እንደማይገጥሙ ማየታቸውን ነገሩት። ያን አንቀጽ ያስገቡት ስለ ወዳጅነት ብለው መሆኑን፣ በኢጣልያ እርዳታ ጉዳያቸው ሊሠራ ይቻላል ማለታቸውን፣ ግዴታ የሚሆን ውል ግን እንዳልፈረሙ አስረዱ። ልብ በሉ፤ ወዳጅነት የሚለውን ቃል አልጣሉትም። በሩን አልዘጉም።

ኢጣልያ አንቶኔሊን መልሳ ላከችው። በታኅሣሥ 1883 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። እንግዲህ ሁለት የቆዩ ወዳጆች ፊት ለፊት ተቀመጡ። የአንቶኔሊም ነገር ቀላል አልነበረም። ንጉሡን በእውነት ይወዳቸው እንደሆነ ልቡን የሚያውቅ እርሱ ነው። ሆኖም የሮም ሎሌ ነው፤ የመጣውም ያንን አንቀጽ ይዞ ነው። አንቀጹ ከፈረሰ መንግሥቱ በአውሮፓ ፊት ውሸታም ሆኖ ይቀራል። በእኔ አስተያየት አንቶኔሊ ወዳጅነቱን የሸጠው ያን ቀን አይደለም። ውጫሌ ላይ፣ ሁለቱ ጽሑፎች አንድ ናቸው ብሎ የፈረመ ዕለት ነው። ጥፋቱ የአስተርጓሚ ነው የሚሉ አሉ። ውሉን ያዋዋለው ግን የራሱን መንግሥት ሐሳብ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ያውቅ የነበረውን ነገር ለወዳጁ አልነገረም።

እቴጌ ጣይቱም በክርክሩ ውስጥ ነበሩበት። እቴጌይቱ በአንቶኔሊ አልተታለሉም። እርሱ የመንግሥቱን ክብር ካነሣ እኛም ክብር አለን በሚል አቋማቸው ንቅንቅ አላሉም። ንጉሠ ነገሥቱ አንዳንድ ጊዜ ለስለስ ይሉ ነበር፤ እቴጌይቱ ያጠነክሯቸዋል። በስብሰባው ላይ ያልተበገሩት እርሳቸው ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በጥር ወር መጨረሻ የታረቁ መሰለ። አንድ የአማርኛ ጽሑፍ ቀረበ። አንቶኔሊ 17ኛው አንቀጽ እንዳለ ይቆያል የሚል መስሎት ፈረመበት። ከዚያ ጽሑፉ በራሱ ወገኖች ዘንድ በደንብ ተነበበ። አዲስ አበባ የተቀመጠው የኢጣልያ ወኪል ሳሊምቤኒ ነበር ነገሩን የደረሰበት። ጽሑፉ አንቀጹ መፍረሱን ይናገራል! አንቶኔሊ በንዴት ፊርማውን ከወረቀቱ ላይ ቀደደ። የምትስቁ እንዳላችሁ ይታየኛል። በኢጣልያንኛው ጽሑፍ የተጫወተ ሰው፣ አማርኛውን ሳያስነብብ ፈርሞ ተያዘ። ‹‹ተታለልኩ›› አለ። ጥቂት ቀን ቆይቶ በየካቲት መጀመሪያ ከነጓደኞቹ አዲስ አበባን ለቆ ወጣ። የአሥራ ሁለት ዓመቱ ወዳጅነት እዚያ ላይ አበቃ።

ጦርነት ግን ወዲያው አልተነሣም። ለምን ቢባል፣ ዘመኑ ክፉ ቀን የተባለው ነበር። ከብቱ በበሽታ አልቆ፣ አራሹ ያለ በሬ ቀርቶ፣ ሕዝቡ በረኃብ ይረግፍ ነበር። ረኃብተኛ ሠራዊት ይዞ የሚዘምት የለም። ምኒልክ ጠበቁ። ዘር እስኪዘራ፣ ከብት እስኪረባ፣ ጠመንጃ እስኪሰበሰብ ጠበቁ።

በ1885 ዓ.ም. ኢጣልያ ለማባበል ሁለት ሚሊዮን ጥይት በዶክተር ትራቬርሲ እጅ ላከች። ምኒልክ ጥይቱን ተቀበሉ። በዚያው በየካቲት ወር ደግሞ የውጫሌን ውል ማፍረሳቸውን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቁ። ብድሩንም ከፈሉ። ጥይት ተቀብሎ ውል ማፍረስ ነውር ነው የሚል ካለ፣ ክርክሩን አልከለክለውም። ብቻ የወዳጅ ዕዳ ይዘው ሊጣሉ አልፈለጉም፤ ያን ያህል ክብር ነበራቸው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ የመኰንን ነገር ነው። ኢጣልያን በዓይናቸው ያዩ፣ ከጣልያኖች ጋር እንጀራ የቆረሱ፣ ወዳጅ ያፈሩ ሰው ናቸው። በ1888 ዓ.ም. ጦሩ ሲዘምት ግንባር ቀደም ሆነው የሄዱት እርሳቸው ነበሩ፤ ራስ ተብለው ነበር። አምባላጌ ላይ ለነበረው ለሻለቃ ቶዜሊ ደብዳቤ ላኩለት፤ ስፍራውን ልቀቅ፣ ደም አይፍሰስ አሉት። አልለቀቀም። በኅዳር ወር አምባላጌ ላይ ተዋጉ፤ ቶዜሊም ከጦሩ ጋር አለቀ። ቀጥሎ መቀሌ ላይ የኢጣልያ ጦር ምሽግ ውስጥ ተከበበ፤ ውኃውም ተያዘበት። በመጨረሻ በድርድር ከነመሣሪያው እንዲወጣ ተፈቀደለት። ከአስታራቂዎቹ አንዱ ፌልተር የሚባል ሐረር የኖረ የመኰንን ወዳጅ ጣልያናዊ ነበር። መኰንን የወጣውን ጦር አጅበው ሸኙት። ግዴታቸውን አላጎደሉም፤ ወዳጅነቱንም እስከሚቻለው ድረስ ይዘው ቆዩ። ይህ በጦርነት ውስጥ ከባድ ነገር ነው።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ የሆነውን ሁላችሁም ሰምታችኋል፤ አልደግመውም። ክሪስፒ ከሥልጣን ወረደ። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሰላም ውል ተፈረመ። የውጫሌ ውል ፈርሷል፣ ኢትዮጵያ ራሷን የቻለች ነጻ መንግሥት ናት ተባለ። ይህኛው ውል በአማርኛና በፈረንሳይኛ ተጻፈ። ሁለቱ ጽሑፎች ጎን ለጎን ተይዘው ቃል በቃል ተመሳከሩ፤ እንደሚገጥሙ ከታየ በኋላ ማኅተም ተደረገባቸው።