የሁለት ደቂቃ ቃል

እ.ኤ.አ. በ2009 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በተካሄደው ኢ3 የተሰኘ የቪዲዮ ጌም ዐውደ ርዕይ፣ ኒንቴንዶ የአንድ አዲስ ጨዋታ ትሬይለር አሳየ። ስሙ «ሞናዶ፦ የዓለም መጀመሪያ»፣ ዳይሬክተሩ ጃፓናዊው ቴትሱያ ታካሃሺ ነበር። የዐውደ ርዕዩ ትልቅ ዜና አልነበረም። ሆኖም ያ አጭር ፊልም በጥቂት ሰዎች ልብ የተከለው ተስፋ ከሁለት ዓመት በኋላ ራሱን ኩባንያውን ይሞግተው ጀመር።

ነገሩን ለመረዳት የዘርፉን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ጄአርፒጂ የሚባሉት የጃፓን ጨዋታዎች እንደ እግር ኳስ ጌም በአንድ እይታ የሚገቡ አይደሉም። ተጫዋቹ ረጅም ልብ ወለድ እንደሚያነብ ሰው ከገጸ ባሕርያቱ ጋር ሃምሳ፣ ስድሳ ሰዓት ይጓዛል። ውጊያው ብዙ ጊዜ ከትእዛዝ ዝርዝር እየተመረጠ የሚካሄድ ስለሆነ፣ ዳር ቆሞ ለሚያይ ያሰለቻል። ስለዚህ ሻጩ ከጨዋታው ይልቅ ስሜቱን ማሳየት ለመደ፦ ሰፊ ምድር፣ ያዘነ ፊት፣ እየጋለ የሚሄድ ሙዚቃ።

መንገዱን የጠረገው «ፋይናል ፋንታሲ 7» ነው። በ1997 ወደ አሜሪካ ሲገባ፣ የቴሌቪዥን ማስታወቂያዎቹ ፊልም የሚመስሉትን ትዕይንቶች እንጂ ተራ እየጠበቁ የሚዋጉበትን ክፍል አላሳዩም። ዘዴው ሠራ። በአሜሪካ የጥቂቶች የነበረው ዘርፍ ብዙኃን ዘንድ ደረሰ። ችግሩ ግን እዚያው ተጸነሰ፤ ስሜቱን ለማሳየት ጨዋታው መኖር እንደሌለበት ኩባንያዎቹ ተረዱ።

በ2006 ስኩዌር ኤኒክስ «ፋይናል ፋንታሲ ቨርሰስ 13»ን በትሬይለር አስተዋወቀ። ዳይሬክተሩ ቴትሱያ ኖሙራ ነበር። ዓመታት አለፉ፤ ትሬይለር በትሬይለር ላይ ተጨመረ፤ ጨዋታው ግን የለም። የመሠረት ድንጋይ ተጥሎለት ግንባታው እንደማይታይ ሕንጻ ሆነ። በ2013 ስሙ ተቀይሮ «ፋይናል ፋንታሲ 15» ተባለ፤ ከዚያም ሥራው ወደ ሃጂሜ ታባታ ተላለፈ። ኖቬምበር 29 ቀን 2016 ገበያ ላይ ሲውል አሥር ዓመት አልፎት ነበር። በመሃል በወጡት ትሬይለሮች ሰዎች የወደዷት ስቴላ የተባለችው ገጸ ባሕርይም ከታሪኩ ወጥታ በሌላ ተተክታለች።

የታካሃሺ ጨዋታ ዕጣ ተቃራኒው ነበር። «ዜኖብሌድ» ተብሎ በጃፓን ጁን 10 ቀን 2010፣ በአውሮፓ ደግሞ ኦገስት 2011 ወጣ። ጨዋታው ተጠናቋል፤ እንግሊዝኛ ትርጉሙም አለ። የኒንቴንዶ የአሜሪካ ቅርንጫፍ ግን ለመሸጥ ፈቃደኛ አልሆነም።

በጁን 2011 ተጫዋቾች «ኦፕሬሽን ሬይንፎል» ብለው ዘመቻ ከፈቱ። ደብዳቤ ጻፉ፣ ስልክ ደወሉ። ከሁሉ የሚገርመው አማዞን ላይ ያደረጉት ነው። በዚያ ድረ ገጽ ጨዋታው በ2009ኙ ትሬይለር ስሙ፣ «ሞናዶ» ተብሎ፣ ተረስቶ ተቀምጦ ነበር። ዘመቻተኞቹ ቅድሚያ ትእዛዝ እየሰጡ ከሽያጭ ዝርዝሩ አናት ላይ አወጡት። ሊሸጥ ያልታሰበ ዕቃ፣ በተጣለ ስሙ፣ አንደኛ ሆነ። ኩባንያው በዚያው ወር ዕቅድ የለኝም ብሎ መለሰ። በዲሴምበር ግን ሐሳቡን ለወጠ፤ ጨዋታው ኤፕሪል 6 ቀን 2012 አሜሪካ ገባ።

ሁለቱ ታሪኮች ጎን ለጎን ሲታዩ የሚያስተምሩት አለ። ኩባንያዎች ትሬይለርን ማስታወቂያ አድርገው ይቆጥሩታል፤ ጊዜው ሲያልፍ ይረሱታል። ተመልካቹ ግን እንደ ቃል ይይዘዋል፤ በተለይ የሚወደው ዘርፍ ትንሽ ሲሆንና ሌላ አማራጭ ሲያጣ። አንደኛው ወገን አሥር ዓመት ዝም ብሎ ጠበቀ፤ የተረከበውም ቃል የተገባለትን አልነበረም። ሌላኛው ያየውን ስም ይዞ ገበያ ወጣና ዕዳውን አስከፈለ።

የተከታታዩ ሦስተኛ ክፍል፣ «ዜኖብሌድ ክሮኒክልስ 3»፣ ጁላይ 29 ቀን 2022 በጃፓንም በአሜሪካም በአንድ ቀን ለሽያጭ ቀረበ። በዚህ ጊዜ ደብዳቤ መጻፍ ያስፈለገው ሰው አልነበረም።